ስለ ጣና ዳር ረግረግና ስለ ደንገል ጥቅም

ረግረግ መሬት ለማያውቀው ሰው ጠፍ ይመስለዋል፤ ለሚያውቀው ግን ጎተራ ነው። በጣና ሐይቅ ዳር የሚበቅለው ደንገል ጎርፍ የሚያመጣውን ደለል ይይዛል፤ ለዓሣ ጫጩት መጠጊያ፣ ለወፍም ማደሪያ ይሆናል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገሉን አጭደው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ነዶ ነዶውንም ጠፍረው ታንኳ ይሠራሉ፤ በርሱም ዓሣ ያጠምዳሉ፣ እንጨት ያመላልሳሉ። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ብዙ ሳይቆይ በአዲስ ይተካል፤ ስለዚህ ደንገል ከጠፋ ታንኳም ይጠፋል።

ዛሬ ግን ረግረጉ እየታረሰ ደንገሉ ሳስቷል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እንቦጭ የተባለ መጤ አረም የሐይቁን ዳርቻ በከፊል ወርሯል። እንግዲህ መምህራን ለልጆች፣ ሽማግሎችም ለመንደሩ እንዲህ ብለው ያስተምሩ፦ ደንገል ይታጨድ እንጂ ሥሩ አይነቀል፤ እርሻም ከውሃው ዳር ይራቅ። ሥሩ የቀረለት መልሶ ያቆጠቁጣልና።