ቀጫጭን እግሮች

አምበር ያለችው የእህቴ ልጅ "አጎቴ፣ ስልኬ ላይ ያሉትን ሞዴሎች ሳይ ምሳ እተዋለሁ" አለችኝ። ይሄ ጾም አይደለም፤ ራስን መቅጣት ነው።

ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) የሲዋክ ዛፍ ላይ ሳሉ ነፋስ ልብሳቸውን ገለጠውና ሶሓቦች በእግራቸው ቅጥነት ሳቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። ሱብሓነላህ!

ከሞዴል የምትማሪው ካለ ሥራዋን እዪ። የአዲስ አበባዋ ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. "ለምለም"ን ያቋቋመችው የሸማኔዎቻችን ገበያ መቀዝቀዙን አይታ ነው። (አለባበሷን ተከተሉ አላልኩም።) ፎቶው ላይ ያለው ወገብና ቆዳ ግን ብዙ ጊዜ በኮምፒውተር የተስተካከለ ነው፤ እሷም ራሷ የላትም።

ዛሬ ከጁምዐ በኋላ ምሳ እህቴ ቤት ነኝ፤ የልጅቷን ሳህን አያለሁ።