የሰጋቱራ ማገዶ ምድጃ፦ ከከረጢቱ ዋጋ ባሻገር

በጣሊያንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች በርካታ ቤቶች በብርድ ወራት የሚሞቁት፣ ሰጋቱራ ተጨምቆ በሚሠራውና ፔሌት በሚባለው እንክብል ማገዶ ነው። በምድጃው ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት እንክብሉን ወደ ማንደጃው ሳህን ይገፋል፤ ማራገቢያው ደግሞ ጭሱን ያስወጣል። የሁለቱም ጠላት አመድ ነው።

ኤንፕላስ የተባለው የጥራት ምልክት የኤ1 ደረጃ ማገዶ አመድ ከ0.7 በመቶ፣ የኤ2 ደግሞ ከ1.2 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም በአንድ ቶን ሲሰላ አንደኛው እስከ 7 ኪሎ፣ ሁለተኛው እስከ 12 ኪሎ አመድ ይተዋል። በርካሽ የተገዛው ከረጢት በጽዳት ያስከፍላል ማለት ነው።

ጽዳቱ በሦስት ይከፈላል፦

በየዕለቱ፦ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ የሳህኑ ቀዳዳዎች ይጠረጋሉ። ከተደፈኑ አየር ያጥራል፤ ማገዶው በደንብ ሳይነድ ይባክናል።

በየሳምንቱ፦ አመዱ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ይወጣል። የተዳፈነ ፍም ለሰዓታት ስለሚቆይ በተራ የቤት ቫኪዩም መሳብ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

በየዓመቱ፦ ባለሙያ ጭስ ማውጫውን፣ ማራገቢያውንና የበሩን ማሸጊያ ይፈትሻል።

የመጨረሻውን ወጪ ለመቆጠብ የሚሞክሩ አሉ። ነገር ግን ጭስ ማውጫው ከተዘጋ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ገብቶ ይገድላል። ስለዚህ ምድጃውን የሚገዛም ሆነ የሚነግድበት ሰው ዋጋ ሲያወዳድር የማገዶውን ደረጃና የዓመቱን የጽዳት ወጪ አብሮ መደመር ይኖርበታል።