የቴኒስ ክርንና የተጫነ ነርቭ

በአገራችን ቴኒስ የሚጫወት ሰው ጥቂት ነው። «የቴኒስ ክርን» የሚባለው ሕመም ግን መዶሻ በሚይዘው፥ ልብስ አጥባ በምትጨምቀውና ቡና በምትወቅጠው ሰው ክንድ ላይ ሁሉ ይገኛል። አባቴ አናጢ ናቸው። ሐኪም ቤት ሄደው የሕመማቸው ስም ይህ መሆኑን በሰሙ ጊዜ፥ «እኔ እንኳን ቴኒስ፥ የጨርቅ ኳስም በወጉ አልተጫወትሁ!» ብለው ሣቁ። ሣቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ስምንት ወር ሙሉ በቀኝ እጃቸው ካቻቢቴ ማዞር ተስኗቸው ነበርና። ይህን እንድማርና እንድጽፍ ያነሣሣኝ እርሱ ነው።

ስሙስ ቢሆን ያሳስታል። ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1873 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስለዚህ ሕመም ሲጽፍ ነገሩን ያያያዘው ከጽሕፈት ሥራ ጋር ነበር። ቴኒስ የገባበት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእንግሊዝ አገር ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የቀኝ ክንድህን ከክርንህ ዝቅ ብለህ በግራ እጅህ ያዝና ቀኝህን አጥብቀህ ጨብጥ። በክንድህ ጀርባ ያለው ጡንቻ ሲወጠር ይሰማሃል። አንድን ነገር ስንጨብጥ የእጃችን አንጓ እንዳይታጠፍ ደግፎ የሚይዘው ይህ ጡንቻ ነው። ጡንቻው በክርን ውጭ በኩል ካለችው የአጥንት እብጠት ላይ በጅማት ተያይዟል። ጅማቱ በተደጋጋሚ ሥራ ሲደክምና ሲጎዳ ብርጭቆ ማንሣት እንኳ ያማል። የቴኒስ ክርን ይህ ነው።

ከዚያው አጠገብ ግን ሌላ መንገደኛ ያልፋል። ራዲያል የሚባለው ነርቭ ከአንገት ወጥቶ፥ በብብት አልፎ፥ የላይኛውን የክንድ አጥንት ከኋላ ዞሮ ወደ ክርን ፊት ይመጣና ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ እጅ ጀርባ ቆዳ ይሄዳል። ሁለተኛው ጠለቅ ብሎ፥ መዳፍን ወደ ላይ በሚገለብጠው ሱፒናተር በተባለው ጡንቻ ሥር ሾልኮ ጣቶችን ወደሚዘረጉት ጡንቻዎች ይደርሳል። የጡንቻው አፍ በአንዳንድ ሰው ላይ እንደ ጅማት የጠነከረ ቅስት ነው፤ ካቻቢቴ ሲዞር፥ ልብስ ሲጨመቅ ነርቡን ሊጫነው ይችላል። ይህ ቅርንጫፍ የቆዳ ስሜት ስለማያመላልስ እጅ አይደነዝዝም፤ ያለው ከውስጥ የሚቆረጥም ሕመም ብቻ ነው። ስለዚህም ከጅማቱ ሕመም ጋር ይምታታል። ሮልስና ሞድስሊ የተባሉ ሐኪሞች በ1972 አልድን ያለ የቴኒስ ክርን አንዳንድ ጊዜ የነርቭ መጫን እንደሆነ ጽፈዋል። በኤሌክትሪክ ሲመረመር ነርቡ ብዙ ጊዜ ደኅና መስሎ ስለሚታይ፥ ነገሩ እስከ ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ ያከራክራል። ሁለቱ ሕመሞች ባንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ።

አባቴ ለጅማቱ የሚሆን የክንድ ማሠሪያ ታዝዞላቸው ነበር። ቶሎ ለመዳን ብለው አጥብቀው አሠሩት፤ ሌሊቱን ሲያቃስቱ እሰማ ነበር። በኋላ ያዩዋቸው ሌላ ሐኪም በጣታቸው እየተጫኑ፥ «ጋሼ፥ የሚብስብዎት እዚህ ነው ወይስ እዚህ?» ብለው ጠየቋቸው። አጥንቷ ላይ እምብዛም አላመማቸውም፤ ከአጥንቷ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ጡንቻው ላይ ሲጫኗቸው ግን ጮኹ። መዳፋቸውን ሊገለብጡ ሲሞክሩና ሐኪሙ ሲከለክሏቸውም እንዲሁ ሆነ። «ማሠሪያው የተቀመጠው ነርቡ ላይ ነው» አሉና በዚያው ቀን አስወለቁት።

ሕክምናው ከሁሉ በፊት ትዕግሥት ይፈልጋል። የቴኒስ ክርን ከታመሙት የሚበዙት በአንድ ዓመት ገደማ ይሻላቸዋል፤ ጡንቻውን ቀስ በቀስ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ይረዳል። የኮርቲዞን መርፌ ለጥቂት ሳምንት ያስታግሣል፤ ከዓመት በኋላ ሲታይ ግን መርፌ የተወጉት ካልተወጉት የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ነርቡ ሲጫን ደግሞ ክንድን ከማጠማዘዝ ማሳረፍ ይቀድማል፤ ቀዶ ሕክምና የሚመጣው ወራት ታይቶ ለውጥ ከጠፋ ብቻ ነው። ጣቶችን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት ካቃተ ግን ነገሩ ሌላ ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

አባቴ አሁን መጋዝና መዶሻ ይይዛሉ። ብሎኑን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አጠብቃለሁ፤ እርሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው፥ «አታጣምመው!» ይሉኛል።