ቤታችንን ከጎረቤት ግቢ ቆመን እንለካው

በአላህ ስም፣ እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ደሴ ያደጋችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ሆጤም በሉት ሸዋ በር፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው የአያቶቻችን ቤቶች እየፈረሱ በቦታቸው ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ይቆማል። አንዳንዱ የሚቆመው ዓረብ አገር በሚለፉ እህቶቻችን ላብ ነው።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የኛም ቤት ተራው ደርሷል። እህታችን ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ልካ፣ አሮጌው ቤት ፈርሶ ጂ ፕላስ 3 እንዲሠራ ቤተሰቡ ተስማማ። ምህንድስና ስለምንማር የመጀመሪያው ንድፍ ለኛ ተሰጠን። ደስ ብሎን ጀመርን። ጥላውን ስናሰላ ግን እርሳሳችን ቆመ። በሰሜን በኩል የሚያዋስኑን እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። ፀሐይ የሚሞቁት፣ በርበሬና እህላቸውን የሚያሰጡት ደጃፋቸው ላይ ነው። በደሴ ብርድ ፀሐይ ቀላል ነገር አይደለችም። እኛ የሳልነው ቤት ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ሊጋርድባቸው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በገዛ ቦታችን ላይ ያሻንን ያህል መገንባት እንችላለን?

ሰፊ ቤት ነውር አይደለም

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሰው ልጅ የደስታ ምክንያት ከሚሆኑ ነገሮች መካከል ሰፊ መኖሪያን ቆጥረዋል። በዚያው ሐዲስ ውስጥ ደግ ጎረቤትም አብሮ ተቆጥሯል። ሁለቱ ጎን ለጎን መምጣታቸውን ልብ እንበል። በታወቀው የጂብሪል ሐዲስ ደግሞ ባዶ እግራቸውን ይሄዱ የነበሩ እረኞች በሕንፃ ርዝመት መፎካከራቸው ከቂያማ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተነግሯል። ዑለሞች እንደሚያስረዱት አንድ ነገር የቂያማ ምልክት መሆኑ ብቻውን ሐራም አያደርገውም። ነገር ግን ፉክክሩን ልባችን ውስጥ መፈለግ አለብን። «እነ እገሌ ሦስት ስላቆሙ እኛ አራት» ብለን ከሆነ አራተኛውን ፎቅ የሠራነው ለመኖሪያ አይደለም።

ዓይን ወደ ጎረቤት ግቢ

መጉዳትም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ እንደማይፈቀድ የሚያስተምረው ሐዲስ በፊቅህ ትልቅ መሠረት ነው። በግንባታ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ከዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን የተዘገበ ታሪክ ያሳየናል። ግብፅ ፉስጣጥ ውስጥ ኻሪጃ ኢብኑ ሑዛፋ ሰገነት ሠራ፤ ጎረቤቶቹን ያያል የሚል ስሞታ መዲና ደረሰ። በአንደኛው ዘገባ መሠረት ዑመር ለአገረ ገዢው ለዐምር ኢብኑል ዓስ እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦ እዚያ ክፍል ውስጥ አልጋ ይቀመጥ፣ ረዥምም አጭርም ያልሆነ ሰው ይቁምበት፣ በመስኮቱ ማየት ከቻለ ይፍረስ። ሰውየው ቆመ፤ ዓይኑ መስኮቱ ጋ አልደረሰም፤ ሰገነቱም ተተወ።

እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ቤት ውስጥ ያለች ሴት ዐውራ ከባለ ፎቁ መብት ይቀድማል። ፍርዱ የተሰጠው ደግሞ በሐሜት ሳይሆን በልኬት ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የቱኒሱ ኢብኑ ራሚ፣ እሱ ራሱ ግንበኛ ሆኖ ለቃዲ የሙያ ምስክርነት እየሰጠ፣ የግድግዳን፣ የመስኮትንና የፍሳሽን ክርክር በአንድ ኪታብ ሰብስቧል። ሙያችንና ዲናችን ድሮም አልተለያዩም።

ፀሐይና አየርስ?

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብን፤ ዑለሞች ተለያይተዋል። ብዙ ማሊኪዮች ሰው በገዛ ቦታው ከፍ አድርጎ በመገንባቱ የጎረቤት ፀሐይና ነፋስ ቢጋረድ፣ ለመጉዳት አስቦ እስካልሆነ ድረስ አይከለከልም ብለዋል። በኦቶማን ዘመን በሐነፊ መዝሀብ የተዘጋጀው መጀላም ፀሐይ መከልከልን ከባድ ጉዳት አላለውም፤ የክፍልን ብርሃን ጨርሶ ማጨለምን ግን ብሎታል። የአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1225 ባለቤትነትን ጎረቤት እስከሚጎዳ ድረስ አለአግባብ መጠቀምን ይከለክላል።

ስለዚህ እኒያ እናት ቃዲ ዘንድ ቢከሱን ምናልባት እንረታቸው ይሆናል። ግን ጂብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያወርሰዋል ብለው እስኪያስቡ ደርሰዋል። እንዲህ የከበደ ሐቅ ቃዲ በማያስገድደን ቦታ ላይ ያበቃል ብለን አናምንም። ኢሕሳን የሚጀምረው እዚያ ነው።

ከመገንባታችን በፊት እንለካ

1. ጥላ። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ደሴ ላይ 12 ሜትር ቁመት ያለው ቤት እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን 8 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የጥላው ርዝመት ከቤቱ ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል።

2. ውኃ። ዳገት ላይ ያለ የላይኛው ቤት ዝናብ ወደ ታችኛው ይወርዳል። 150 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር፣ ማለትም 15 በርሜል ውኃ ነው። ድሮ ከግቢው አፈር የተወሰነውን ይመጠው ነበር፤ ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ከለበሰ ማን ይቀበለዋል?

3. ቁፋሮ። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያውቃት ከተማ ናት። የተዳፋቱን እግር ያለ ድጋፍ ግንብ መቁረጥ የጎረቤትን የጭቃ ቤት ግድግዳ ሊሰነጥቅ፣ ከዚያም ሊጥል ይችላል።

4. መስኮት። የዑመርን አልጋ አንርሳ፤ ከያንዳንዱ ፎቅ ምን እንደሚታይ ከመሥራታችን በፊት እንየው።

ስሌቱን ለአባታችን አሳየናቸው። ብዙ ዝም አሉና «አንድ ፎቅ ይቀነስ፤ ቤቱም ከድንበሩ ይራቅ» አሉ። 3 ሜትር ወደ ደቡብ ሳብነው። የእኩለ ቀኑ ጥላ ከድንበራቸው 8 ሜትር ይገባ የነበረው ወደ 3 ሜትር ወረደ። በራቸው ከድንበሩ 5 ሜትር ላይ ስለሆነ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ያገኛሉ። ማለዳዋን ግን አላዳንናትም።

ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ሊከራዩ የነበሩ ሦስት ክፍሎች ቀርተዋል። ከሁሉ የከበደው ለእህታችን መንገር ነበር። «የሚቀነሰው የኔ ልፋት ነው» አለች። ልክ ናት፤ መልስ አልነበረንም። ከሳምንት በኋላ ደውላ «እማማ አሁንም ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ?» ስትል ጠየቀች። አዎ አልናት። «እንግዲያው ይቀነስ» አለች።

ነገ ብዙዎቻችን ንድፍ እንፈርማለን፤ ሌሎቻችን ለወላጆቻችን ቤት እንሠራለን። ፊርማውም ብሩም አማና ነው። የቤታችንን ቁመት ከመወሰናችን በፊት አንድ ጊዜ ጎረቤት ግቢ ገብተን ቀና ብለን እንይ።

አላህ ቤታችንን ሰፊ፣ ጎረቤታችንን ደግ፣ እኛንም ለጎረቤት ደጎች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።