ወደ ማዕከል የሚወርድ ወይስ የሚሽከረከር? የገለልተኛ ሃይድሮጅን መስመር በንቁ ጋላክሲዎች

በንቁ ጋላክሲ ማዕከል ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ኃይሉን የሚያገኘው ወደ እርሱ ከሚወርደው ጋዝ ነው። ጋዙ መውረዱን፣ መሽከርከሩን ወይም ወደ ውጭ መገፋቱን ለመለየት የገለልተኛ ሃይድሮጅን የ21 ሴንቲ ሜትር መስመር ያገለግላል። ይሁን እንጂ መስመሩ ወደ ቀይ ወይም ወደ ሰማያዊ መሳቡ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም።

መስመሩ የሚፈጠረው የኤሌክትሮኑና የፕሮቶኑ ስፒን አንጻራዊ አቅጣጫ ሲለወጥ ሲሆን፣ ድግግሞሹ 1420.4 ሜጋኸርዝ ነው። ቫን ደ ኸልስት እ.ኤ.አ. በ1944 ተነበየው፤ ዩዌንና ፐርሴል በ1951 ለኩት። ማዕከሉ ብርቱ የሬዲዮ ጨረር ሲያመነጭ ከፊቱ ያለው ጋዝ የጨረሩን ጥቂት ክፍል ስለሚመጥጥ፣ መስመሩ በስፔክትረሙ ላይ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ጋዙ ከምንጩ ፊት መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ወደ ቀይ የተሳበው ወደ ማዕከሉ እንደሚሄድ፣ ወደ ሰማያዊ የተሳበው ከማዕከሉ እንደሚርቅ ተደርጎ ይተረጎማል።

ሴንታውረስ ኤ የዚህን ትርጓሜ ወሰን ያሳያል። በ1980ዎቹ በማዕከሉ ፊት የታየው መስመር ወደ ቀይ ብቻ የተሳበ በመሆኑ፣ ጥቁር ጉድጓዱን የሚመግብ ጋዝ ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። በ2008 ሞርጋንቲና ባልደረቦቿ መስመሩ ቀድሞ ከታሰበው የሰፋ፣ ወደ ሰማያዊም የተሳበ ክፍል ያለው መሆኑን አሳዩ። ስለዚህ በማዕከሉ ዙሪያ የሚሽከረከር ዲስክ የተሻለው ማብራሪያ ሆነ። በአንጻሩ በአይሲ 5063 ጋላክሲ እ.ኤ.አ. በ1998 የተገለጸው መስመር በሰከንድ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰማያዊ የተሳበ ነው። ይህ ፍጥነት ከጋላክሲው መሽከርከር እጅግ ስለሚበልጥ፣ ጋዙን የሬዲዮ ጄት እየገፋው እንደሆነ ይታመናል።

ከዚህ ሦስት ጥንቃቄዎች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ የጋላክሲው የራሱ ፍጥነት በትክክል መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ የተለካው ፍጥነት መሽከርከር ብቻውን ሊሰጥ ከሚችለው ጋር መነጻጸር ይገባዋል። ሦስተኛ፣ የተቀባዩ ባንድ ሰፊ መሆን አለበት፤ በሰከንድ 1000 ኪሎ ሜትር ከ4.7 ሜጋኸርዝ ገደማ ጋር እኩል ነው።

በምዕራብ ጎጃም ለሚታሰብ ምልከታም ጉዳዩ ቀጥተኛ ነው። ከፍኖተ ሰላም ሴንታውረስ ኤ ከደቡብ አድማስ 36 ዲግሪ ያህል፣ አይሲ 5063 ደግሞ 22 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላሉ። የሁለቱም መስመር የሚገኘው ለሬዲዮ አስትሮኖሚ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተጠበቀው ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ባንድ ውስጥ ነው። መስመሩ በ0.5 ቀይ ሽግሽግ ካለው ጋላክሲ ሲመጣ ግን ወደ 947 ሜጋኸርዝ ይወርዳል፤ ይህም የሞባይል ማማዎች የሚያሰራጩበት ባንድ ነው። ስለዚህ የገጠሩ ጸጥታ ብቻ አያስተማምንም።

የእንጦጦ ባለ1 ሜትር ቴሌስኮፖች የብርሃን እንጂ የሬዲዮ አይደሉም። ትንሽ አንቴና ደግሞ የፍኖተ ሐሊብን ሃይድሮጅን ለመለካት ይበቃል እንጂ የሩቅ ጋላክሲን ማዕከል ለይቶ አያሳይም። እስከዚያው ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚቀርበው መንገድ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የሬዲዮ መዛግብትን ከላይ በተጠቀሱት ሦስት ጥንቃቄዎች መልሶ መመርመር ነው።