ሰደፉን ከመብሳትህ በፊት
ስለ ጠመንጃ ማንገቻ በአዛውንትና በወጣት መካከል የተደረገ ምልልስ

ወጣት፦ ጋሼ፣ ለአባቴ በልጅግ ጠመንጃ አዲስ የማንገቻ መያዣ ላስገባለት አስቤያለሁ። መሃሉ ላይ ቁልፍ አለው። ቁልፉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ማንገቻው ከሰደፉ ይላቀቃል፤ ሲመልሱት ጠቅ ብሎ ይገባል። አናጢው ሰደፉን በትራፓኖ ከበሳልኝ የቀረው ቀላል ነው። ምን ይላሉ?

አዛውንት፦ መያዣው መጥፎ ነው አልልህም፤ ታስቦበት የተሠራ ዕቃ ነው። እኔ የምቃወምህ አጀማመርህን ነው። አንተ ከዕቃው ተነሣህ፤ መነሣት የነበረብህ ከአካሄዱ ነው። ይህ ጠመንጃ የሚነገተው ምን ያህል ለመሄድ ነው? በምን ዓይነት መንገድ? ያነገተው ሰው በሌላው እጁ ምን ይዟል? እዚህ እኛ አገር ከቱም ተነሥቶ ወደ ማጂ የሚወጣ ሰው አቀበቱን የሚገፋው በእግሩ ነው፤ ጠመንጃው ከትከሻው የሚወርደው ሲያርፍ ወይም ቤቱ ሲደርስ ብቻ ነው። ማሳውን ከከርከሮና ከዝንጀሮ የሚጠብቅ ገበሬም እንደዚሁ ነው። ቶሎ መፈታት የሚጠቅመው ቶሎ ቶሎ ለሚፈታ ሰው ነው፤ ከመኪና ለሚወርድና ለሚወጣ፣ ማንገቻውን አንዴ በአንድ ነጥብ አንዴ በሁለት ነጥብ ለሚያስር ወታደር። አባትህ ከማንገቻው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በዝናብ፣ በጭቃና በቁልቁለት ላይ ሳይከዳው እንዲውል። ለዚህ ሲባል በአሮጌ እንጨት ላይ አዲስ ቀዳዳ መክፈት ጥቅሙ ትንሽ፣ ጉዳቱ ግን የማይመለስ ነው። እኔ የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ ፍጥነት ከፈለግህ ፍጥነቱን ከማንገቻው ላይ አድርገው፤ እንጨቱን ተወው።

ወጣት፦ የዓለም ጦር ሁሉ ግን ወደዚህ እየሄደ ነው። እኛ ሁልጊዜ ወደ ኋላ መቅረት አለብን? ድሮስ ቢሆን አባቶቻችን ማንገቻ መቼ ያውቁ ነበር? በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ሁሉም ጠመንጃውን እንደ ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሞት ነው የሚታየው።

አዛውንት፦ ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው እመልስልሃለሁ። ፎቶግራፉ አልዋሸም። በምኒልክ ዘመን የነበረው ወታደር አፈሙዙን ወደ ፊት በእጁ ጨብጦ፣ ሰደፉን ወደ ኋላ አስወጥቶ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይሄድ ነበር። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «መሣሪያውን ገዛ እንጂ አያያዙን አላወቀም» ይላሉ። እስኪ መሣሪያውን ራሱን እንይ። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፤ ሞዴሉ የ1874 እ.ኤ.አ.፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ፣ የሚጎርሰውም አንዳንድ ጥይት ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ሌበል የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው በየገበያው ተበተነ፤ በቀይ ባሕር በኩልም ወደ እኛ ደረሰ። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት የማንገቻ ቀለበት ነበረው፤ አንዱ ከሰደፉ ሥር፣ ሌላው ከፊት በርሜሉንና እንጨቱን አንድ ላይ በሚያስረው ብረት ላይ። ቀለበቱ ነበር ማለት ነው። ቆዳውስ? ዝናሩን፣ የጎራዴውን ማንጠልጠያ፣ የጋሻውን እጀታ፣ የበቅሎውን ኮርቻና መጫኛ ከቆዳ የሚሠራ አገር አንድ ጠፍር ቆርጦ ከሁለት ቀለበት ማሰር አቃተው? ይህን የሚያምን ሰው የፋቂን ሙያ አያውቅም።

ስለዚህ ምክንያቱን ካለማወቅ ውጪ መፈለግ አለብን። በዚያ ወታደር ግራ ክንድ ጋሻ፣ በወገቡ ዝናር፣ በቀኝ ጎኑ ጎራዴ፣ በትከሻው ለምድ ወይም ጋቢ፣ በጀርባው ስንቅ አለ። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ጠፍር በደረቱ አግድም ቢያልፍ፣ ጠመንጃውን ለማውጣት መጀመሪያ ለምዱን መግለጥ፣ ቀጥሎ ጋሻውን ማውረድ ይኖርበታል። ርዝመቱንም አስብ። 1 ሜትር ከ30 የሚሆን ብረት ቀጥ ብሎ ጀርባ ላይ ሲነገት አፈሙዙ ከራስ በላይ ይወጣል፣ ሰደፉም ቁልቁለት ሲወርዱ ጭን ይመታል። በአውሮፓ ጥርጊያ መንገድ ላይ ይህ ችግር አይደለም። በካፋ፣ በሸካና በቤንች ደን ውስጥ ግን ከራስ በላይ የወጣ አፈሙዝ ሐረግ ሁሉ ይይዘዋል። ትከሻ ላይ የተጋደመ ጠመንጃ ቅርንጫፍ ሲመጣ ዝቅ ይላል፣ ሲከብድ ወደ ሌላው ትከሻ ይዛወራል፣ ሲፈለግ በአንድ እንቅስቃሴ እጅ ላይ ይገባል። በ1890 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከካፋ ተነሥተው በዚህ በእኛ አቅጣጫ እስከ ሩዶልፍ፣ ዛሬ ቱርካና እስከምንለው ሐይቅ ሲዘምቱ፣ ቡላቶቪች የሚባል ሩሲያዊ የፈረሰኛ መኮንን አብሯቸው ነበር፤ ስለ ጉዞውም መጽሐፍ ጽፏል። ዘመቻው በዚህ አገር ሕዝብ ላይ ያመጣው መከራ ራሱን የቻለ ከባድ ጉዳይ ነው፤ በማንገቻ ወሬ መሃል የሚነሣ አይደለም። ለእኛ ጥያቄ የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ ያ ሠራዊት በደንና በገደል አልፎ ቆላ ወርዶ ሐይቁ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ጠመንጃ መሸከም የማያውቅ ሠራዊት ይህን አያደርግም።

ትልቁን ማስረጃ የሰጡን ደግሞ አውሮፓውያን ራሳቸው ናቸው። ረጅሙ ጠመንጃ ለአንጋቹ አስቸጋሪ መሆኑን ሲያዩ ጠመንጃውን አሳጠሩት። እንግሊዝና አሜሪካ በ1900ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለእግረኛም ለፈረሰኛም የሚሆን አጭር ጠመንጃ ሠሩ። ጀርመን በ1935 እ.ኤ.አ. የያዘችው ማውዘር 1 ሜትር ከ11 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ፤ ማንገቻውም ከሥር መሆኑ ቀርቶ፣ እንደ ፈረሰኛ ጠመንጃ በሰደፉ ጎን በኩል ሆነ፣ ጀርባ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ እንዲተኛ። ክላሽ ሲመጣ ጭራሽ 90 ሳንቲ ሜትር እንኳ አልሞላም። የኛ ሰው አያያዙን ለመሣሪያው ርዝመት አስማማ፤ እነሱ መሣሪያውን ለትከሻቸው አስማሙ። የመጀመሪያው አላዋቂ፣ ሁለተኛው አዋቂ የሚባልበት ምክንያት የለም።

ወጣት፦ መኳንንቱ ግን ጠመንጃቸውን አሽከር ነበር የሚይዝላቸው። ያ ልማድ ይሆናል እንጂ የመሬቱ ጉዳይ አይመስለኝም።

አዛውንት፦ እሱም አለ፤ አልክድም። ጠመንጃ በአፎቱ ተጠቅልሎ በአሽከር ሲያዝ ማንገቻ አያስፈልገውም፤ ክብርም ነበረበት። ነገር ግን አሽከሩ ራሱ እንዴት ተሸከመው? አጋድሞ! ተራው ወታደርም አሽከር አልነበረውም፤ እሱም አጋድሞ ነው የሄደው። ልማድ የሚጸናው መሬቱ ሲፈቅድለት ነው።

ወደ ሰደፍህ እንመለስ።

ወጣት፦ እሺ፣ የአባቴ ጠመንጃም ቀለበቱ አለው። ግን ሲሄዱ ይንኳኳል። ቆዳውም በዝናብ በስብሶ ሊበጠስ ነው።

አዛውንት፦ ሁለቱም ችግር የማንገቻው እንጂ የሰደፉ አይደለም። እንግዲህ ሌሎች ይህን እንዴት እንደፈቱት ተመልከት። የክላሽን ማንገቻ በእጅህ ይዘህ እየው፦ አንደኛው ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ አለ፣ ምላሱ በአውራ ጣት ይገፋል፣ ከፊቱ ቀለበት ይላቀቃል። ቶሎ የሚፈታው ብልሃት ጠፍሩ ላይ ነው፤ ጠመንጃው ላይ ያለው ተራ ቀለበት ነው። የኋለኛው ዘመን የሩሲያ ሞሲን ደግሞ ቀለበት የለውም፤ ሰደፉ ከጎን እስከ ጎን ተሰንጥቆ ዙሪያው በብረት ተለብጧል፣ በዚያ ውስጥ ዘለበት ያላት አጭር ጠፍር ያልፋል፣ ማንገቻው ከእሷ ጋር ይያያዛል። ጠፍሯ ስትበሰብስ ትለወጣለች፤ እንጨቱ አይነካም። ሁለቱም የተሠሩት በጭቃና በበረዶ ውስጥ ለሚውል ወታደር ነው፤ ሁለቱም የሚያልቀውን ክፍል ርካሽና ተለዋጭ አደረጉት። አንተም ያንኑ አድርግ። ወፍራም የሸራ ጠፍር ወይም በደንብ የለፋ ቆዳ ግዛ፣ በሁለቱም ጫፍ ላይ ጠንካራ መንጠቆ አሰፋበት፣ ባለው ቀለበት ላይ አንጠልጥለው። ሲያስፈልግህ በአንድ ጣት ትፈታዋለህ፣ እንደ አዲሱ መያዣ ማለት ነው። ቀለበቱ እንዳይንኳኳ በስስ ቆዳ ጠቅልለው። ቪቴዎቹ ላልተው ከሆነ ግን ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነውና ቀጭን እንጨት በኮላ ከትተህ ካደረቅህ በኋላ መልሰህ አጥብቃቸው።

ወጣት፦ አዲሱ መያዣ ግን ከመንጠቆ ይልቅ ጸጥተኛ ነው፤ ጠበቅ ብሎም ይይዛል። ይህን አይክዱም።

አዛውንት፦ ንጹሕ ሲሆን አልክድም። አሠራሩን ግን እወቀው። በግንዱ ዙሪያ ትናንሽ የብረት ኳሶች አሉ። ቁልፉ ሲጫን ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ሲለቀቅ ወደ ውጪ ወጥተው በሰደፉ ውስጥ በተቀበረው የብረት ጽዋ ጎድጓድ ላይ ይቆለፋሉ። ጽዋው ክፍት ጉድጓድ ነው። የቱም ቀይ ጭቃ ገብቶ ከደረቀበት ኳሶቹ እስከ መጨረሻ አይወጡም፤ ጠቅ ያለ ይመስልሃል፣ ግማሹ ነው የያዘው። የጎረሰ ጠመንጃ ከጀርባ ወደ ድንጋይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። ሌላም አለ፦ ጽዋው ማቆሚያ ከሌለው መያዣው እንደ ልቡ ይዞራል፣ ጠፍሩም እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚጠቀም ሰው ጽዋውን መጥረግና ባሰረ ቁጥር ጠንከር አድርጎ መሳብ አለበት። ይህን ዘወትር ለሚያደርግ ሰው እሺ።

ወጣት፦ ቀለበቱ የወለቀ፣ ቦታውም የተሰበረ ቢሆንስ? ያኔም አይበሳም ይሉኛል?

አዛውንት፦ ያኔ ይበሳል፤ ግን እንደሚገባ ይበሳ። ከሁሉ በፊት ጥይቱ ይውጣ፤ ጥይት ቤቱን በዓይን ማየት ብቻ ሳይሆን በጣትም ዳስስ። ሰደፉን ከብረቱ ነጥለህ ለብቻው ሥራ፤ ሞርሳ ላይ ስታስረው በጨርቅ ጠቅልለው። ቦታው ከሰደፉ ሥር፣ ከጫፉ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ልክ መሃል መስመሩ ላይ ነው። እንጨቱ ላይ የተመታ ቁጥር ካለ አትንካው፤ ጠመንጃው ከፈቃዱ ጋር የሚመሳከረው በቁጥሩ ነው፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣውም የመሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ቀልድ አይደለም። ናስትሮ ለጥፈህ በላዩ ላይ ምልክት አድርግ፤ እንጨቱ እንዳይላጥ ይረዳል። ፑንታው ከቀለበቱ ቪቴ ግንድ አይወፍር፤ ጥርሱ እንጨቱን ይንከስ። ጥልቀቱ እንዳያልፍ ፑንታው ላይ ናስትሮ ጠምጥም። ቪቴውን ሰም ወይም ሳሙና ቀብተህ በእጅ አስገባ፤ በኃይል ከሄድህ የደረቀ አሮጌ እንጨት በጭረቱ አቅጣጫ ይሰነጠቃል። ሰደፉ ተሰብሮ እዚህ አገር በዋንዛ የተተካ ከሆነ ደግሞ ዋንዛ ለስላሳ ነው፣ ቪቴ ብቻውን አይይዝለትም፤ ኮላ ጨምርበት። ጎረቤትህ ይህንኑ በክላሹ ላይ ልሥራ ቢልህ ከልክለው። የእንጨት ሰደፉ ውስጥ የመወልወያ ዕቃው የሚቀመጥበት ባዶ ቦታ አለ፤ ካለማወቅ የበሳው ፑንታው እዚያ ባዶ ውስጥ ይወጣበታል።

ወጣት፦ ከፊት በኩልስ?

አዛውንት፦ ከፊት አትብሳ። የፊቱ ቀለበት በርሜሉን ከሚያቅፈው ብረት ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱ ሲላላ ወይም ሲጣመም ጠመንጃው የሚመታበት ቦታም ይቀየራል። ቀለበቱ ካለ መንጠቆውን አንጠልጥልበት፤ ከሌለ ያንን ብረት ለውጦ የሚሠራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ እስክታገኝ አባትህ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይሂድ።