ከሳንባ ምች ማገገሚያ የክረምት ቀናት

ጥያቄ፦ በሐምሌ ሳንባ ምች ታምሜ መድኃኒቱን ጨርሻለሁ። ድካሙ ግን አልለቀቀኝም፤ ዝናቡም ቤት አውሎኛል። ቀኑ አልመሽ አለኝ፤ ምን ይሻለኛል?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ሳንባ ምች የሳንባን የአየር ከረጢቶች በፈሳሽ የሚሞላ ሕመም ነው። ጀርሙ ከጠፋ በኋላም ሳንባው እስኪያገግም የጠቀሱት ድካም እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ስንፍና አይደለም።

ቀኑን ከፋፍሎ መያዝ ይረዳል፦ ጠዋት፣ አቅም ሲኖር፣ ንባብ ወይም ጥልፍ፤ ከምሳ በኋላ ዕረፍት፤ ወደ ማታ ከቤተሰብ ጋር ገበጣ ወይም ሬዲዮ። በመሃሉ እየተነሡ ቤት ውስጥ ጥቂት መራመድ ጉልበትን ይመልሳል። የምድጃ ጭስ ሳል ስለሚያባብስ መኝታው ከዚያ ይራቅ።

ትኩሳት ከተመለሰ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም አክታው ደም ከቀላቀለ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ሳል ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያሻል።